አምስት ኩንታል ወደ ግራ

ስታቲስቲክስን ብቻዬን የተማርኩት ሮቤ ገበያ ከገዛሁት አሮጌ መጽሐፍ ነው። ስለ ድምር ድግግሞሽ ኩርባ፣ እስከ እያንዳንዱ መጠን ድረስ ስንት ሰው እንደተቆጠረ ስለሚያሳየው ግራፍ፣ የሚያስረዱት ገጾች ተገንጥለው ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ምዕራፍ ስለ ሌላ ዓይነት ግራፍ ሲናገር ነጥቡን በክፍሉ መሃል፣ ለምሳሌ ከዐሥር እስከ ሃያ ላለው ክፍል ዐሥራ አምስት ላይ፣ አስቀምጡ ስለሚል፣ እኔም ይህኛውም እንደዚያው ነው ብዬ ያዝኩ።

ጎባ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት የሚሠሩ እናት ለመረጃ ሠራተኛነት የውስጥ ፈተና ሊቀመጡ ሲሉ አስጠናኝ አሉኝ። በምሳ ሰዓት ከሮቤ በሚኒባስ እየሄድኩ፣ መጥረጊያና ባልዲ በሚቀመጥበት ክፍል እናጠና ነበር። እየሳቁ "በርሲሳ ኮ" ይሉኛል፤ በኦሮምኛ አስተማሪዬ ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን የአርባ ገበሬዎችን የስንዴ ምርት ሰጠኋቸው። ከዐሥር እስከ ሃያ ኩንታል ያገኙ ስድስት፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዐሥራ አራት፣ የቀሩት ከዚያ በላይ። የምንፈልገው መካከለኛውን ነው፤ ግማሹ ገበሬ፣ ማለትም ሃያው፣ የሚሞላበትን ምርት። እሳቸው ነጥቡን ሠላሳ ላይ አደረጉት። እኔ ሃያ አምስት ላይ ነው አልኩ።

"ቆይ እስቲ" አሉ። "ሃያ ስምንት ያገኘው ሰውዬ የት ገባ? ሠላሳ ሳንደርስ ሃያው ገበሬ እንዴት ይሞላል?"

"እትዬ፣ ይሄ አውድማ አይደለም፣ ሒሳብ ነው" ብዬ ሳቅሁ።

"እሺ በርሲሳ፣ አንተ ታውቃለህ።" ነጥባቸውን በላጲስ አጥፍተው እኔ ያልኩት ቦታ አደረጉ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ከጎረቤት ተማሪ ሌላ መጽሐፍ ተዋስኩ። ነጥቡ የሚያርፈው በክፍሉ የላይኛው ወሰን ላይ ነው። ያስተማርኳቸው ኩርባ ሁሉ ግማሽ ክፍል ወደ ግራ ተንሸራቷል፤ በዚያ ጥያቄ አምስት ኩንታል መሆኑ ነው። ስልካቸው ነበረኝ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አወጣሁትና ሦስቴም መልሼ ዘጋሁት። ምናልባት እንዲህ ያለ ጥያቄ በፈተናው አይወጣም አልኩ። እውነቱ ግን፣ የሳቅሁባቸው ነገር ትክክል ነበር ብሎ መናገር ከበደኝ።

ወጣ። አምስት ነጥብ የያዘ ጥያቄ ነበር፤ እሳቸው ለማለፍ ሦስት ነጥብ ጎድሏቸው ወደቁ።

ሳገኛቸው ኮሪደሩን እየወለወሉ ነበር። "ልቤ የላይኛው ላይ አድርጊው ይለኝ ነበር" አሉ። "ግን አንተን እንዳላሳፍርህ ብዬ እንዳስተማርከኝ ሠራሁት። ሌላ ቦታ ተሳስቼ ይሆናል፤ እኔ ነኝ ደካማዋ።"

"አይደሉም። ስህተቱ የኔ ነው፤ እርስዎ ነበሩ ትክክል" አልኳቸው።

መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። "በለው! በርሲሳም ይሳሳታል?" ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ትከሻዬን ቸብ አደረጉ። "በቃ፣ አሁን አወቅኸው አይደል? የሚቀጥለውን አብረን እንሠራለን።"

አሁን አወቅኸው ነው ያሉት፤ ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት ማወቄን አልነገርኳቸውም። አዎ አልኳቸው።