የጋሽ ወልዴ ኑዛዜና የእኔ ጥርጣሬ

መምህራችን ጋሽ ወልዴ ባለፈው ማክሰኞ አርሂባ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን፣ ለምታውቋቸው ሁሉ በታላቅ ኀዘን እነግራችኋለሁ። ማረፋቸውን አልጠራጠርም፤ አፈር ሲመለስባቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የተወራውን ግን እጠራጠራለሁ።

በስደት መጥተን በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች አርብ አርብ ዕረፍት ስንወጣ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል የፍልስፍናን ታሪክ ያስተምሩን ነበር። በነፃ! ጓደኛዬ መጀመሪያ ስትጠራኝ «ምን ሲደረግ በነፃ? ደላላ ነው፤ የመን ሊሸጥሽ ነው» ብያታለሁ። ሄጄም በሩ ሥር ተቀመጥኩ። እርሳቸውም አይተው «አንቺ የምትጠረጥሪዋ፣ ነይ ወደ ፊት፤ ይህ ትምህርት የሚፈልገው የአንቺን ቢጤ ነው» አሉኝ።

ከጥንት ግሪኮች ተነሥተን፣ በዐረቦቹ በኩል አልፈን፣ የቅርብ ዘመን ፈረንሳዮች ዘንድ ደርሰን ነበር። ቬንቲላተሩን ወደ እኛ አዙረው፣ ላባቸውን በፎጣ እየጠረጉ፣ ለአንዱ ፈላስፋ እንደ ጠበቃ ይከራከሩለታል፤ ካሳመኑን በኋላ «በሉ አሁን አፍርሱት» ይላሉ። ዝም ካልን ይቆጣሉ። አንዲት ልጅ ታማ አሠሪዎቿ ሲያባርሯት፣ ሆስፒታል ወስደው ያስታመሟት እርሳቸው ናቸው። ስታመሰግናቸው «ምስጋናውን ተዪና ያመለጠሽን ትምህርት ስሚ» ብለው አልጋዋ አጠገብ ማስተማር ጀመሩ።

የፈላስፎች አሟሟት ሲነሣ ይስቁ ነበር። «ፈላስፋ በሞተ ቁጥር፣ ተጸጽቶ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም። ማን ሰማ? ማን ተጠቀመ? በሉ» ይሉናል።

ይኸው ለቅሶው ላይ የክፍሏ ባለቤት አቶ ሞገስ ተነሥተው «ጋሽ ወልዴ በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ፍልስፍና ከንቱ ነው፤ ልጆቹ ይበተኑ ብለውኛል» አሉ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። የእኔ እንባ ግን ደረቀ። «ሌላ ማን ሰማ?» ብል፣ «በለቅሶ ቤት እንዲህ ይጠየቃል? ነውር ነው!» ብለው አቶ ሞገስ ተቆጡኝ። ክፍሏን ለጫት ሻጭ ሊያከራዩ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ኧረ እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም፤ አርብን ማጣት ስለማልፈልግ አለማመኔ ይጠቅመኛል። እውነቱን አላውቅም፤ ይህም ያንገበግበኛል።

ጋሽ ወልዴ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። አላሉትም ብዬ አልምልም፤ ሰው ነዎትና ሞት አስፈርቶዎት ይሆናል። ብለውት ከሆነም ግን አልታዘዝዎትም፤ ክፍሏ ብትዘጋ እንኳ ልጆቹን ቤትዎ ደጃፍ እሰበስባለሁ። የመጨረሻ ቃልዎን ሳልመረምር ብቀበል፣ ድሮውንም ተማሪዎ አልነበርኩም ማለት ነው።