በአባቴ አፍ ማንም አይሞትም

አባቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም የሚተረጉም ሰው ነበር። ሥራው ተዋናዮቹ ያሉትን መናገር ነው፤ እሱ ግን ያሻውን ይጨምርበታል። በልጅነቱ ይወደው የነበረው፣ ሰማይ ላይ የሚበር ባለካባ የፊልም ጀግና ባዲስ መልክ ተሠርቶ ሲመጣ፣ ፊቱ የማይፈታ አኩራፊ ሆኖ መጣ። መጨረሻው ላይ ጭራሽ የጠላቱን አንገት ጠምዝዞ ቀጭ አደረገው።

አባቴ ማይኩን ጠጋ አድርጎ፣ «አይዟችሁ፣ ተኝቶ ነው» አለ። ሰው በሳቅ ፍርስ አለ። እኔ በገንኩ።

«አባዬ፣ ገደለው እኮ! ሁሉም አይቷል!»

«ሰማይ ላይ የሚበር ሰው፣ ልጄ፣ ሳይገድል መመለስ እንዴት ያቅተዋል?»

ከዚያ ወዲያ ጥይት የበላውም፣ ከፎቅ የወደቀውም ለጥ ብሎ ይተኛ ጀመር። እኔም ከኋላ ወንበር «ሞቷል!» እያልኩ እጮህ ነበር።

አባቴ ባረፈ ሰሞን ማይኩ ለእኔ ደረሰ። ያው ፊልም ተከፈተ። ሰማያዊው ብርሃን በሰዉ ፊት ላይ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አንገቱ ቀጭ ሲል ሁሉም ፊልሙን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። እንደ ልማዴ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

«አይዟችሁ» አልኩ፤ «ተኝቶ ነው።»

ማንም አልሳቀም።