መቶ የማይደርሰው ውሃ

ማስተዋል የሠራችውን ሜምብሬን ሙሉውን አትሰጥም። ግማሹን ቆርጣ፣ ውሃ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ከትታ፣ ቀኑን ጽፋ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ልማዱ ከጦርነቱ ዓመታት የቀረ ነው፤ ያኔ መቐለ የሚገባ ኬሚካል አልነበረም።

ከደብረ ታቦር መጥታ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የፖሊመር ዱቄት አሟሙታ መስታወት ላይ ታፈሳለች፣ ታደርቃለች፣ ትልጣለች። የሚወጣው ስስ ፕላስቲክ ሜምብሬን ይባላል፤ ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፊውል ሴል ውስጥ ይገባል፤ ጋዙን አግዶ ፕሮቶን ብቻ ያሳልፋል።

ኣረፋይነ የዓዲግራት መምህር ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪው ይሠራል። ስምንት ወር የጠበቀው ዱቄት ለአንድ ሜምብሬን ብቻ በቃ። ጥናቱን የሚያቀርበው ሐሙስ ነው። ሜምብሬን ሴል ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውሃ ውስጥ መፍላት አለበት፤ ማክሰኞ ጠዋት ማስተዋል ስብሰባ ላይ ሳለች የሰጠችውን ቁራጭ ብቻውን ሆኖ አፈላው። ስትመለስ ውሃው አልቆ፣ ሜምብሬኑ ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል።

«ዋይ ኣነ! እትየ ማስተዋል፣ አለቀልኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«መመሪያው መቶ ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይላል። ቴርሞሜትሩ ዘጠና ሦስት ላይ ቆመ። እሳት ብጨምርም ንቅንቅ አላለም። ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ፍለጋ ወጣሁ።»

«ፊዚክስ አይደል የምታስተምረው?»

«ኬሚስትሪ።»

«ይባስ! ተራራ ላይ ነን እኮ። መመሪያውን የጻፉት ባሕር አጠገብ ናቸው። እዚህ ውሃ ዘጠና ሦስት ላይ ይፈላል፤ እስከ ማታ ብትጠብቀው መቶ አይገባም።»

መሳቢያውን ከፍታ ብልቃጡን ፊቱ አስቀመጠች። አንዴ ብልቃጡን፣ አንዴ እሷን አየ።

«ሌላ ግማሽ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ሁለቱንም ታፈላቸው ነበር።»

ሳቀ፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ መቀሱን አነሳ።

«ለሴሉ ስንት ይበቃል?»

«አራት ጣት።»

አራት ጣት ለካ፣ ቆረጠ። ሙቀቱ ስለሚያንስ ጊዜውን አስረዝመው፣ ውሃ እየጨመሩ ዘጠና ሦስት ላይ ለሁለት ሰዓት ተኩል አቆዩት። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሴሉን ገጥመው ሃይድሮጅኑን ሲለቁ ከሴሉ ጋር በሽቦ የተያያዘችው ትንሽ ማራገቢያ ዞረች። ሐሙስ ፈታኞቹ ፊትም ዞረች።

የተረፈው ቁራጭ መሳቢያው ውስጥ ነው። ብልቃጡ ላይ ቀኑን የጻፈው ኣረፋይነ ነው።