በሩ አይከፈትም ያልኩበት እሁድ

አራት ነበርን፦ አስራ አንደኛ ክፍል የነበረችው ልጄ፣ የክፍሏ ጓደኛ፣ ከስልጤ መጥቶ በሰፈራችን ደብተርና ሳሙና የሚሸጠው ባለሱቅ፣ በመጨረሻም ሳልጠራ የገባሁት እኔ አባቷ።

ባቡሩ እስከ ቃሊቲ መመላለስ በጀመረበት ዓመት ነው። ልጄ እቤት ለጥያቄዬ ሁሉ «እሺ» ወይም «አይ» ትመልሳለች። እሁድ ከሰዓት ግን ከሱቁ ጓዳ ሳቋ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ቁማር መስሎኝ ልይዛቸው ሄድኩ። ቁማር ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የምከለክልበት ምክንያት አገኝ ነበር።

ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚጫወቱት ኢንተርኔት ቤት በታተመ የጨዋታ ደንብ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ ወረቀት ላይ አንድ አንድ ሰው ይፈጥራሉ፤ ጉልበቱን፣ ብልሃቱን፣ ድክመቱን ይጽፋሉ። ተራኪው የገጠማቸውን ሲነግራቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ። መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስናል። ደንቡ በየፊቱ ቁጥር ያለበት ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይወርወር ይላል፤ እሱ ከየት ይመጣል? ባለሱቁ የሰፈሩ ዕቁብ ዳኛ ስለሆነ ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው ጥቅል ወረቀቶች በዕቁቡ ጣሳ ውስጥ ጨመረ። ትልቅ ቁጥር ያወጣ ይሳካለታል።

ልጄ የፈጠረችው ከእሳት ጋር የምትነጋገር መንገደኛ ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ግን ተራኪ የነበረው ባለሱቁ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ዝም ማለቱ ነው። እሷም አስባ አስባ ትናገራለች። ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ንባብ የተማርኩ፣ ተረት እየነገርኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ የምታወራው ግን ለእሱ።

ተራኪው ልሁን አልኩ። መንገደኛዋን ዘንዶ የሚጠብቀው የከተማ በር ላይ አቆምኳት። ልታልፍ ዕጣ አወጣች፤ አስራ ዘጠኝ። በሩ አይከፈትም አልኩ። ሴት ልጅ ብቻዋን ከቤት መራቅ እንደሌለባት፣ ምክር ያልሰማ መጨረሻው እንደማያምር አስረዳሁ። ብዙ አስረዳሁ። ጓደኛዋ አቀርቅራ ትሰማለች።

«አባዬ፣ አስራ ዘጠኝ እኮ ነው የወጣልኝ።»

«ተራኪው እኔ ነኝ።»

ባለሱቁ ጣሳውን ወደ ራሱ ሳበ። «ጋሼ፣ በእኔ ዕቁብ የወጣ ዕጣ ተመልሶ አያውቅም።»

ልጄ ወረቀቷን ለሁለት ቀድዳ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሱቁ ጋ አልሄደችም። ቅናቴ የፈለገውን አገኘ፤ እሁድ እቤት ነች። «እሺ» እና «አይ» ብቻ።

ሁለት እሁድ ቻልኩ። በሦስተኛው ባለሱቁን፣ በሩ ተከፍቷል ብለህ ለልጄ ንገርልኝ ብዬ ለመንኩት።

«የዘጉት እርስዎ ነዎት» አለኝ ሳሙና እየደረደረ። ጣሳውን ግን አዋሰኝ።

ልጄ ፊት አስቀመጥኩት። «በሩ ተከፍቷል። ምን ታደርጊያለሽ?»

ምክር ምላሴ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

«መጀመሪያ ወረቀት ያስፈልገኛል» አለች።

አብረን ኢንተርኔት ቤት ሄድን። አንድ ባዶ የሰው መፍጠሪያ ገጽ እንዲያትምልን ሠራተኛውን ስነግረው ልጄ፣ «ሁለት አድርገው» አለችው። «አባዬም ሰው ይፈጥራል።»

አንዱ ገጽ ብር ከሃምሳ ነበር። የሁለታችን ወጪ ሲደመር ሦስት ብር ሆነ።