ከማሳችሁ የተቀሰመ

ባለፈው ሰሞን ዘር ልገዛ ሳሪስ አቦ ገበያ ሄጄ፣ ባለሱቁ የአረም መድኃኒት ለአንዱ ገበሬ ሲቀዳለት ደረስኩ። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ጋሽ በዳዳን ፊቴ አመጣቸው።

ጋሽ በዳዳ ቂሊንጦ አጠገብ የሚኖሩ ጎረቤታችን፣ ንብ አርቢ ነበሩ። በእበት የተመረጉ ቀፎዎቻቸው ግራሩ ላይ ይንጠለጠላሉ። ልጆች እየሮጥን ስናልፍ «ቀስ በሉ፣ ሥራ ላይ ናቸው!» ይሉን ነበር፤ መሥሪያ ቤት ያለ ይመስል።

የማይሽሩት አንድ ልማድ ነበራቸው። ጥቅምት ላይ ማር ሲቆርጡ፣ ንቦቻቸው ለቀሰሙበት ማሳ ባለቤት ሁሉ ድርሻውን በሣህን ያደርሳሉ። ከማንም አስቀድመው እኛ ቤት ይመጡ ነበር። በአባቴ ጤፍ ዳር የሚበቅለው መጭ የሚሉት አረም በመስከረም ቢጫ አበባ ስለሚያወጣ፣ ንቦቹ ውሏቸው እዚያ ነው።

አንድ ክረምት የሰፈሩ ገበሬ የአረም መድኃኒት ሊረጭ ተስማማ። ጋሽ በዳዳ አባቴ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ጤፍህን ርጭ። ዳር ዳሩን አራት እርምጃ ብቻ ተውልኝ፤ መጩ ከጠፋ ንቦቼ ይራባሉ።»

«ጋሽ በዳዳ፣ ወደ ሌላ መስክ ቢያሰማሯቸውስ?» አለ ቀልደኛው አባቴ።

«ንብ እንደ በሬ በገመድ አትጎተትም!»

አባቴ ስቆ እስከ ድንበሩ ረጨው።

ጥቅምት ሲደርስ ከቀፎዎቹ ግማሹ ባዶ ነበር፤ ንቦቹ ኮብልለዋል። ጋሽ በዳዳ ግን እንደ ልማዳቸው ሣህን ይዘው መጡ። ሲገልጡት፣ ጠብታ ማር የሌለበት የደረቀ የማር እንጀራ ነው።

«ዘንድሮ ከማሳህ የተቀሰመው ይኸው ነው። ድርሻህ አይቅርብህ» አሉት፣ ያለ ቁጣ።

አባቴ ሣህኑን በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔ በአባቴ አፈርኩ፤ ያ እፍረት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። በሚቀጥለው ክረምት አባቴ አራቱን እርምጃ ለክቶ ተወ። እልኸኛው ሽማግሌ ረቱ።

ዛሬ እሳቸው የሉም፤ ማሳውም አብዛኛው የፋብሪካ ሼድ ሆኗል። በተረፈን ጓሮ ሦስት ቀፎ አለኝ። ወንድሞቼ «በሲሚንቶ ላይ ንብ!» እያሉ ቢስቁብኝም አልተውኩም። አምና ንቦቼ የት እንደሚውሉ ስከታተል፣ በፋብሪካው አጥር ሥር በበቀለ መጭ ላይ አገኘኋቸው። ማር እንደቆረጥኩ ሣህን ሞልቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

ዘበኛው ግራ ገባው። «እህቴ፣ ማን ላከሽ?»

«ማንም። ከአጥራችሁ ሥር የተቀሰመ ነው፤ ድርሻችሁን ውሰዱ።»

ቀመሰና ወደ አጥሩ ዞረ። «ቅዳሜ እኮ ሊታጨድ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቅዳሜ ሣሩ ሁሉ ታጨደ። አጥሩ ሥር ያለው መጭ ግን እንደቆመ ቀረ። ዘበኛው ሣህኔን አጥቦ ሲመልስልኝ፣ «ለከርሞም አትርሺን» አለኝ።