ገመድ ያለው መብራት

አልማቲ ከተማ ውስጥ ራይሃንን ሰው የሚያውቃት ገመድ ባለው መብራቷ ነው። «ገመዱን ትተሽ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አድርጊልኝ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ ሻይ ታጠጣውና ባዶ እጁን ትሸኘዋለች። ግትር ናት ይሏታል። ግትርነቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የራይሃን እንጀራ የበግ ሱፍ ነው። አያቶቿ ሱፉን ሙቅ ውሃ እየረጩ፣ ጠቅልለው በክንዳቸው እያንከባለሉ፣ እስኪጠብቅ ጠቅጥቀው ድንኳን ያለብሱበት ነበር። እሷ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ የኮምፒውተር ቦርሳ፣ የቤት ጫማና የሶፋ ትራስ ትሠራበታለች። በአያቶቿ ምንጣፍ ላይ የነበረው የበግ ቀንድ ጥለት ዛሬ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ አውቶቡስ ይሳፈራል። የእንጨቱን ሥራ የሚሠራው ባሏ ሰርዣን ነበር። የአኻያ ዘንግ በእንፋሎት አለስልሶ ሲያጎብጠው እንጨቱ ወዶና ፈቅዶ የሚታጠፍ ይመስል ነበር።

ሰርዣን በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ በክረምቱ ማብቂያ ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። እናቱ ኡልቦሲን ለአርባው ከኬገን ደጋ መጥተው በዚያው ሰነበቱ። ራይሃን እንደ አገሩ ምራት ሁሉ ስማቸውን አትጠራም፤ «አፓ» ነው የምትላቸው።

ከዚያ በኋላ ራይሃን በየመስኮቱ ወፍራም ግራጫ ሱፍ ሰቀለች። ከከተማው በላይ የሚታዩትን ተራሮች ማየት አልፈለገችም። እኩለ ቀን ላይ ትነሳለች፣ ትንሽ ትሰፋለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ሱፍ ድምፅ ይውጣልና ቤቱ ውስጥ የራስን እርምጃ እንኳ መስማት ቀረ። ሰኞ ይሁን ሐሙስ የሚነግራት አልነበረም። አንዳንዴ የሰርዣን የእንፋሎት ድስት ሲንተከተክ ትሰማለች፤ ጆሮዋን ስታቀና ዝም ይላል። አፓ በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ወተት ያለበት ሻያቸውን እየጠጡ ያይዋታል።

በመጸው መጨረሻ አፓ ቅዳሜ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ተናገሩ። የጧቱን የአንድ ሰዓት አውቶቡስ ትኬት ቆርጠዋል። ለምን ቢባሉ፣ እዚህ ቤት እንቅልፍ የለም አሉ። ራይሃን ብርዱን፣ እስከ መስኮት የሚቆለለውን በረዶ፣ የጎረቤቱን ርቀት ብትቆጥርላቸውም ጆሮ አልሰጧትም። እውነቱን ለመናገር የፈራችው ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። እሳቸው ከሄዱ በዚያ ቤት የሰርዣንን ሳል የሚያስታውስ ሌላ ሰው የለም።

አፓ ወጣት ሳሉ በጋውን በድንኳን ነበር የሚያሳልፉት። የድንኳኑ አናት ላይ ሻንግራቅ የሚሉት ክብ የእንጨት ዘውድ አለ፤ በእሱ በኩል ተጋድሞ ሰማይ ይታያል። እንቅልፍ ያጡት ለዚህ ይሆናል ብላ አሰበች ራይሃን። ሰርዣን በመጨረሻ የሠራት ትንሽ ሻንግራቅ ከበሩ ኋላ ተደግፋ ነበር። ራይሃን የጠቦት ሱፍ ወተት ላይ እንደሚሰፍፍ ስልባቦት አሳስታ ጠቀጠቀች፣ ዘውዷ ላይ ወጥራ ዙሪያውን ሰፋች፣ አምፖሉን ከበላይ አድርጋ ሐሙስ ዕለት ከአፓ አልጋ በላይ ሰቀለችው። ሲበራ ክፍሉ ጉም በለበሰ ንጋት ተሞላ። ጣሪያው የራቀ፣ አልጋውም የተንሳፈፈ መሰለ። ራይሃን ከስንት ወር በኋላ ደስ አላት።

አፓ ተጋደሙ፤ ሽቅብ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ተነሥተው ልብሳቸውን እያጠፉ ቦርሳቸው ውስጥ መክተት ጀመሩ።

«ሦስት ቀን ሙሉ የለፋሁበት ነው እኮ፣ አፓ። ምኑ ነው ያላማረዎት?»

«አምሯል። እጅሽ ይባረክ።»

«ታዲያ?»

«ዘግተሽዋል።»

የድንኳን አናት የሱፍ ክዳን አለው። ማታ ይዘጋል፣ ጎህ ሲቀድ በገመድ ተስቦ ይከፈታል። ቀን ተዘግቶ የዋለ ክዳን ከሩቅ የታየ እንደሆነ፣ እዚያ ቤት ሰው አልቋል ማለት ነው። ሰው ሲራገምም «ክዳንህ ይዘጋ» ይላል። ፎቅ ላይ ተወልዳ ያደገችው ራይሃን እርግማኑን ሰምታዋለች፤ ስትሰፋ ግን ትዝ አላላትም።

«የሞተው አንድ ሰው ነው፣ ልጄ» አሉ አፓ። «እኔ አለሁ። አንቺም ያለሽ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ባልሆንም።»

ራይሃን ብድግ አለች። መሰላሉን አመጣችና ስፌቱን በሦስት በኩል ተረተረችው፤ ሱፉ እጥፍ ብሎ የሚከፈት ሆነ። የናይሎን ገመድ ልታስርበት ስትል አፓ ፊታቸውን አጨማደዱ። ቦርሳቸው የታሰረበትን ከፈረስ ጭራ የተገመደ አሮጌ ገመድ ፈትተው ሰጧት። እንደ ጫማ ክር ስትቋጥረውም ቀምተው ራሳቸው ቋጠሩት።

«ጧት ጧት ማን ነው የሚከፍተው?» አለች ራይሃን።

«ምራት ናት እንጂ። እኔ የድርሻዬን ከፍቼ ጨርሻለሁ።»

ዓርብ ማታ አፓ ክዳኑን ዘግተው፣ አምፖሉ ግን ከበላዩ እንደበራ እንዲያድር ጠየቁ። ደመና ውስጥ እንዳለች ጨረቃ ሆኖ አደረ። ራይሃን ክዳኑን ከፍታ አፓን ለመሸኘት አሥራ አንድ ሰዓት ልትነሣ ለራሷ ቃል ገብታ ተኛች። በሕልሟ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ነጭ ድንኳን ውስጥ ነበረች። በጎች ይጮኻሉ፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ ሰርዣን ከውጭ ሆኖ ያስላል። ክዳኑን ልትከፍትለት ገመዱን ትፈልጋለች፤ እጇ አይደርስም።

ስትነቃ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በባዶ እግሯ ሮጠች። አፓ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው በጀርባቸው ተጋድመዋል። ጫማቸው አልጋው ሥር ተደርድሯል። ዓይናቸው ፈጥጧል።

«አፓ፣ አውቶቡሱ ሄዷል እኮ። ነቅተው ነበር?»

«ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«አልነጋማ» አሉ አፓ። «ሳትከፍቺው እንዴት ይነጋል?»

ራይሃን ገመዱን ሳበችው። ሱፉ ታጠፈ፤ ብርሃኑ በሰርዣን እንጨቶች መሃል ወርዶ አሮጊቷ ፊት ላይ አረፈ። አፓ ሻሻቸውን መፍታት ጀመሩ።

«ነገ ግን ቀደም በይ» አሉ። «ጀርባዬ ደርቋል።»