የከማለዲን ባቡር ጥቀርሻ

ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል። ከማለዲን ጸለየም አልጸለየ፣ እኔ ወልደ ሐዋርያት አላሳጣሁትም።

በእንፋሎት ባቡር ዘመን እሱ ነጂ፣ እኔ እሳት አንዳጅ ሆነን ከለገሃር አዋሽ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሰናል። እሱ ክንዱን መስኮት ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል፤ እኔ ምድጃው አፍ ላይ እጠበሳለሁ። በየጣቢያው ሰው እጁን የሚያውለበልበው ለእሱ ነበር። የምድጃው በር የግራ እጄን አንድ ጣት ሲቆርጠው እንኳ «ተመስገን፣ ከማለዲን ተረፈ» ያሉ አልጠፉም።

በጡረታችን የካ ላይ ጎረቤት ሆንን። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌያችን የነዋሪውን የእጅ ሥራ ሊያሳይ ሲነሳ፣ ከማለዲን ያቺን ባቡራችንን ከዘይት ቆርቆሮ በክንድ ልክ ሠራት። ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሲያብለጨልጫት፣ አሻንጉሊት ናት ብዬ ደስ አለኝ። እሱ ግን መች አበቃ! ብልጭታዋን በአመድ ፈትጎ አጠፋው። ጭስ ማውጫዋን የኩራዝ ጥላሸት ቀባ፤ ከአሮጌ ጣሪያ የፈቀፈቀውን ዝገት በየብሎኑ ሥር አስገባ፤ እንፋሎት በሚያፈስበት ቦታ የኖራ መስመር አወረደ፤ መንኮራኩሮቿን የእንጦጦ አፈር አለበሰ። ክንዱ የሚያርፍበትን የመስኮት ጠርዝ ደግሞ ቀለሙን ፍቆ አሳሳው። ክንዱን! አንጀቴ አረረ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ገባሁ። ከባቡሯ ሥር ካርቶን ላይ «የባቡር ነጂው ከማለዲን ሥራ» ተብሎ ተጽፏል። የእሳት አንዳጅ ስም የለም። አዳራሹን የምታጸዳው ደብሪቱ የሳሙና ውሃዋን ትታ ወጣ ብላ ነበር። ጨርቅ ነከርኩና ከጭስ ማውጫ እስከ መንኮራኩር እያሸሁ አጠብኳት። እንደታጠበ ድስት ጠራች።

የእግር ኮቴ ሰምቼ ዘወር ስል ከማለዲን ነው። አያትና ቆመ።

«ማን አጠባት?»

«ደብሪቱ ትሆናለች፤ ቆሻሻ መስሏት» አልኩ። አላፈርኩም።

«እሷ ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው» አለና ጎንበስ ብሎ የባቡሯን የምድጃ በር ዳሰሰ። «ሌላውስ ይመለሳል፣ ወልዴ። እዚህ ጋ ግን ያንተ እጅ ነበር።»

«የምን እጅ?»

«በምድጃው በር ላይ በክብሪት እንጨት አራት ጣት በጥቀርሻ ሥዬ ነበር። ሰው ‹ይሄ ምንድን ነው?› ሲለኝ ስላንተ ልነግረው። በል አምጣ ግራ እጅህን፣ እያየሁ ልድገመው።»

ግራ እጄ ጋቢዬ ሥር ነበር፤ እርጥቡን ጨርቅ እንደጨበጠ።